ቦክሱ ዋይፋይ ይዟል፣ ዩቲዩብ ግን አይከፍትም

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። እስካሁን 38 መልስ ደርሶታል። በኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ከጥያቄው ጀምሬ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። የተደጋገመውን እዘለዋለሁ።

ጥያቄው

እናቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውረድ ከብዷታል። ቅዳሴውንም ስብከቱንም የምትከታተለው በዩቲዩብ ነው። አክስቴ ለዚሁ ብላ ከአሜሪካ የአንድሮይድ ቲቪ ቦክስ ላከችላት። መዳፍ የሚያክል ጥቁር ዕቃ ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይገናኛል፣ ኢንተርኔቱን ከራውተሩ በዋይፋይ ይወስዳል። ሰባት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላስቸገረም።

ነሐሴ 1 ቀን ሐሙስ፣ ፍልሰታ በገባበት ዕለት፣ ሰፈሩ መብራት ጠፋ። ማታ መጣ። ከዚያ ወዲህ ዩቲዩብ እምቢ አለ። ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው። በራውተሩ ስም ሥር ተገናኝቷል ይላል፣ አጠገቡ ደግሞ ኢንተርኔት የለም ይላል። ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ላይ ቪዲዮ ያጫውታል። ዋይፋዩን ከቦክሱ አጥፍቼ ፓስወርዱን እንደገና አስገባሁ። ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁ። ለውጥ የለም። እሁድ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ባዶ ስክሪን ፊት እንድትቀመጥ አልፈለግኩም። ቅዳሜ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ይህንኑ ከፎቶ ጋር ጻፍኩ።

መልስ 1 እና 2

ሁለቱም ጨዋ ነበሩ። የመጀመሪያው ቅደም ተከተሉን ነገረኝ። ራውተሩ መጀመሪያ ይነቀል፣ ግማሽ ደቂቃ ይቆይ፣ ተሰክቶ መብራቶቹ እስኪረጋጉ ይጠበቅ። ቦክሱ ከዚያ በኋላ ይነሳ። ሁለተኛው በሪሞት ማጥፋት ማስተኛት ብቻ መሆኑን ጠቅሶ፣ ከሰቲንግ ውስጥ ገብቼ ሪስታርት እንዳደርገው መከረ። ይህን አላውቅም ነበር። አደረግኩት። ያው ነው።

መልስ 3

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የተጻፈው። ጸሐፊው ደብረ ብርሃን ላሉት አያቱ ለቴሌቪዥን የሚሰካ ስቲክ ልኮላቸው ነበር። ስቲኩ የጎረቤቱን ዋይፋይ ሁሉ ያያል፣ የአያቱን ብቻ አያይም። ሦስት ሳምንት በስልክ ሲደክሙ ከረሙ።

ጉዳዩ የቻናል ነበር። ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲሠራ መንገዱ በቻናሎች የተከፈለ ነው። በአብዛኛው ዓለም ከ1 እስከ 13 ያሉት ይሠራሉ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ዕቃ ግን ብዙውን ጊዜ ከ11 በላይ ያለውን አይሰማም። የአያቱ ራውተር ቻናሉን ራሱ ይመርጣልና 13 ላይ ሄዶ ተቀምጧል። ወደ 6 ሲለውጡት ስሙ ወዲያው ብቅ አለ።

የእኔ ቦክስ ራውተሩን ስለሚያይ ችግሬ ይህ አልነበረም። ግን ስንቶቻችን ነን ዕቃችን በዘመድ ሻንጣ የሚመጣልን? ይህ መልስ ብቻውን ክሩን ያስከፍታል። ሐዋሳ ያለ ሰው በመልስ 4 ቻናሉ የት እንደሚቀየር ጠየቀ። ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን አድራሻ በስልክ ብራውዘር ላይ እንዲጽፍ፣ ገብቶ የዋይፋይ ሰቲንግ እንዲፈልግ ነገሩት። በዚያው ሌሊት ተመልሶ መጥቶ አመሰገነ። ስድስት ወር መሳቢያ ውስጥ የከረመ ዕቃ ነው የተነሳለት።

መልስ 5

አጭር ናት፣ ግን ትክክል ናት። አዲስ ራውተር ደብሊውፒኤ 3 በሚባለው ጥበቃ ብቻ ከተዘጋ፣ የቆየ ማጫወቻ ፓስወርዱ ልክ ቢሆንም አይገባም። ደብሊውፒኤ 3 ይፋ የሆነው በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ዕቃ ያለው ሰው ራውተሩን ሁለቱንም እንዲቀበል፣ ማለትም 2ንም 3ንም እንዲል ማድረግ አለበት። እኔ ዘንድ ሁለቱም ተፈቅደዋል። አለፍኩት።

መልስ 6፣ 7 እና 8

እዚህ ላይ ነው ድምፁ የተለወጠው። ስድስተኛው ጸሐፊ የኔትወርክ ገመድ ዘርጊ ነው፣ 15 ዓመት ሠርቷል። አቋሙ ግልጽ ነው። ከቦታው የማይነቃነቅ ዕቃ ገመድ ይገባዋል፣ ዋይፋይ ለስልክ ነው። ካት 5ኢ የሚባለው ተራ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሳይደክም ይሄዳል፣ ግድግዳም ጎረቤትም አያግደውም። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ለቴሌቪዥን ዋይፋይ የሚጠቀም ሁሉ ሰነፍ ነው ብሎ ደመደመ።

ሰባተኛዋ ተቆጣች። ተከራይ ናት። አከራይዋ ሚስማር እንኳ እንዳትመታ ከልክለዋታል፣ ግድግዳ በስታ ገመድ ማሳለፍማ አይታሰብም። ሰውን ሰነፍ ከማለት በፊት በምን ቤት እንደሚኖር መጠየቅ ይቀድማል የሚል ነበር የቁጣዋ ፍሬ። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

ስምንተኛዋ ጠቡን ያበረደችው ከፔታህ ቲክቫ፣ እስራኤል ሆና ነው። እዚያ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የሚሠሩ ቤቶች ማማድ የሚሉት መጠለያ ክፍል አላቸው። ግድግዳው ወፍራም የአርማታ ኮንክሪት፣ በሩም ብረት ነው። ልጆቿ ቴሌቪዥን የሚያዩት እዚያ ውስጥ ነው፣ ዋይፋይ ደግሞ በሩ ሲዘጋ ይሞታል። በመጨረሻ አንድ ገመድ ብቻ በበሩ ጥግ አሳልፋ ውስጥ ሁለተኛ ትንሽ የዋይፋይ ማሠራጫ አስቀመጠች። አንዱን መንገድ ገመድ፣ ሌላውን ዋይፋይ። ገመድ ዘርጊው ይህን ወደደላት።

መልስ 9

ስለ 2.4 እና ስለ 5 ጊጋኸርዝ ረጅም ማብራሪያ ነው። 2.4 ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይሻገራል፣ ግን ጠባብ ነው። ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፣ ሦስት ብቻ። 5 ሰፊና ፈጣን ነው፣ ግን ብሎኬት ሲገጥመው ይደክማል። ራውተርና ቴሌቪዥን አንድ ክፍል ከሆኑ 5፣ ከተራራቁ 2.4 ይሻላል። እኔ ይህን ሳነብ በስልኬ ቆጠርኩ። ከእናቴ ሳሎን 23 የጎረቤት ዋይፋይ ይታያል፣ ከአራቱ በቀር ሁሉም 2.4 ላይ። ይህ ቁጥር ኋላ ጠቅሞኛል።

መልስ 10፣ 11 እና 12

አሥረኛዋ ከአዳማ ናት። ምጣድ ስትጥድ ፊልሙ ይቆምባታል፣ ምጣዱ የዋይፋዩን ሞገድ ይረብሻል ብላ ታምናለች። አሥራ አንደኛው ሳቀባት፣ እንዲያውም ክፉኛ። ሳቁ አላስፈለገም ነበር፣ ያየችው ነገር እውነት ነውና።

አሥራ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። መልሱን ለእሷ ብቻ ብሎ በአክብሮት ጻፈ። ሞገድ የሚረብሸው ማይክሮዌቭ ነው፣ ምክንያቱም እሱ በ2.45 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም በዋይፋዩ ሰፈር ይሠራል። ምጣድ ሞገድ አያወጣም። ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል። የቤቱ መስመር ቀጭን ከሆነ ወይም ማከፋፈያው ከላላ፣ ምጣዱ በሞቀ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። የራውተሩ አዳፕተር ደህና ከሆነ ይችለዋል፣ ብዙዎቹ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። ተቃጥሎ በርካሽ የተተካ ከሆነ ግን አይችልም፣ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። ማረጋገጫውም ቀላል ነው። ምጣዱ ሲሰካ የራውተሩን መብራቶች ማየት። ሁሉም ጠፍተው ከተመለሱ ራውተሩ ዳግም ተነስቷል ማለት ነው። እሷም በማግስቱ አየች። ጠፍተው ይመለሳሉ። አዳፕተር ቀየረች፣ ራውተሩንም ከምጣዱ ማከፋፈያ ላይ አነሳችው።

ከመልስ 13 እስከ 16

የእኔን ቦክስ ሞዴል የጠየቁ አሉ፣ ሌላ ቦክስ ግዛ ያሉ አሉ። አንዱ ፋብሪካ ሪሴት እንዳደርግ፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ከፋብሪካ እንደወጣ እንዳደርገው መከረኝ። ሊሠራም ይችል ነበር፣ የእናቴ አካውንትና የመረጠቻቸው ቻናሎች ግን ይጠፉ ነበር። እሺ አላልኩም።

ከመልስ 17 እስከ 21

አሥራ ሰባተኛው ቦክሱን አሁኑኑ ከግድግዳው እንድነቅለው አዘዘኝ። ርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶች ቫይረስ ተጭኖባቸው ይመጣሉ ባይ ነው። መነሻ አለው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በጁን 2025 ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው ነገር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከፋብሪካ ሲወጡ ወይም ገና ሲከፈቱ የተመረዙ ቦክሶች የቤቱን ኢንተርኔት ለወንጀለኞች መተላለፊያ ያደርጉታል። ነገሩ ከሥር ስለሚቀመጥ ፋብሪካ ሪሴት ብዙ ጊዜ አያጸዳውም።

አሥራ ስምንተኛው ዕቃ ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም፣ ተናደደ። ሁሉም ነገር የሚያስፈራራችሁ ፈሪዎች ናችሁ የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠ። አሥራ ዘጠነኛው ነጋዴውን ስም አወጣለት። ሃያኛው ሁለቱንም። አወያዩ በ21 ገብቶ ሁለት መልስ አጠፋና ወደ እናቴ ቴሌቪዥን እንድንመለስ ጠየቀ።

ጠቡን ትተን ምክሩን እንያዝ። ጉግል ያረጋገጠውን ዕቃ መግዛት፣ ሁሉንም ቻናል በነፃ እከፍታለሁ ከሚል ቦክስ መራቅ፣ ከመደብሩ ውጭ የመጣ አፕ አለመጫን። ያልተረጋገጠ ቦክስ ላይ ኔትፍሊክስ ቢከፈት እንኳ ምስሉ ብዙውን ጊዜ ከዝቅተኛው ጥራት አያልፍም፣ የጥበቃ ፈቃዱ ስለሌለው። የእናቴ የተረጋገጠ ነው፣ አክስቴ ሳጥኑን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ።

መልስ 22 እና 23

ሃያ ሁለተኛው በአንዲት መስመር ትልቅ ሥራ ሠራ። ራውተሩን ዝጋው፣ ቦክሱን ከስልክህ ሆትስፖት ጋር አገናኘው፣ የሆነውን ንገረን። ይኸው ነው። ሁላችንም ስለ ራውተሩና ስለ ግድግዳው ስናወራ እሱ ነገሩን ለሁለት ከፈለው። በሆትስፖት ከሠራ ጥፋቱ ራውተሩ ወይም ከእሱ ወዲያ ነው። ካልሠራ ቦክሱ ውስጥ ነው።

ሞከርኩ። ስልኩን ከቦክሱ አጠገብ አስቀምጬ አገናኘሁት። ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም። ያው ቃል። 23 ላይ ይህን ጻፍኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል፣ እናቴ ሶፋው ላይ ጋቢ ለብሳ አንቀላፍታለች።

መልስ 24

ከባሕር ዳር ነው። ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት ናት። ሌላ ምንም አላለችም፣ ቦክሱ ላይ ቀኑ ስንት እንደሚል ብቻ ጠየቀችኝ።

መልስ 25

ይህ የእኔ ነው። ሰቲንግ ገባሁ፣ ቀንና ሰዓት የሚለውን ከፈትኩ። ዲሴምበር 3፣ 2017 ይላል። ቁልቁል አየሁ። ቀኑን በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገው ማብሪያ ጠፍቷል።

አልገባኝም ነበር። ከዚያ ዓይኔ ከቡፌው በላይ ያለው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ አረፈ። ነሐሴ 2017። ነሐሴ አሥራ ሁለተኛው ወር ነው። ሐሙስ ዕለት ነሐሴ 1 ነበር። አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። ለቦክሱ ይህ ዲሴምበር 1 ነው፣ ቅዳሜ ሲደርስ 3 ይላል። የእህቴ ልጅ ሐሙስ እዚህ ነበር ያደረው።

ማለዳ ደውዬ ጠየቅኩት። 11 ዓመቱ ነው። መብራት ሲመጣ ቦክሱ ኢንተርኔት የለም አለ፣ ቀኑም የተሳሳተ ነበር። አያቱን ሊረዳ ብሎ ማብሪያውን አጥፍቶ፣ ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ እያየ አስተካከለላት። አልተቆጣሁትም፣ ሊያስተካክል የሞከረው እኮ ትክክለኛውን ነገር ነው።

እኔ ግን እስኪነጋ አልጠበቅኩም። ማብሪያውን አበራሁት። ቀኑ ዓይኔ እያየ ኦገስት 9፣ 2025 ሆነ። ዩቲዩብን ከፈትኩ። ተከፈተ።

መልስ 26

የባሕር ዳሯ ሴት ለምን እንደሆነ አስረዳችን። እኔ በክሩ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው።

ኮምፒውተርና ስልክ ውስጥ ሰዓት የሚጠብቅ ባትሪ አለ። ብዙ ቲቪ ቦክሶች ግን ይህ የላቸውም። መብራት ሲጠፋ ቀናቸውን ይረሳሉ። ሲነሱ አንድ የድሮ ቀን ይዘው ይነሳሉ፣ ኢንተርኔት እንዳገኙ ግን ከሰዓት ሰርቨር ጠይቀው ያስተካክላሉ። ራውተር ደግሞ ከቦክሱ ዘግይቶ ነው የሚነሳው። በመሀል ያሉት ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ናቸው የእህቴን ልጅ ያሳሳቱት። ትንሽ ቢታገሥ ራሱ ይስተካከል ነበር።

ቀን ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው? እያንዳንዱ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት አለው፣ ወረቀቱም ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል ይላል። ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ የሚሰጡት ከ398 ቀን በላይ አይቆዩም። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራ ወረቀት ሁሉ የቅርብ ነው። የእናቴ ቦክስ ግን ራሱን 2017 ውስጥ አድርጓል። ከዓመታት በኋላ የሚጀምር መታወቂያ ይዞ የመጣን እንግዳ አላውቅህም ብሎ በሩን ዘጋበት። ስለዚህ ነው ዋይፋዩ ተያይዞ ኢንተርኔቱ የለም የሚለው። ፈረንጅ አገር ይህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። እኛ ዘንድ ግን መብራቱም ይጠፋል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውም የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ነው።

መልስ 27

አንዱ የሰዓቱን ነገር አነሳ። ከጠዋቱ 2 ሰዓትን እንደ ፈረንጅ 2 ብሎ የሚሞላ ሰው እንዲሁ ይቸገራል ወይ? ባለሙያዋ መለሰችለት። ስህተቱ ስድስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ገጽ ይከፈታል፣ ፕሮግራም የሚያስታውስ አፕ ግን ይዛባል። ቦክሱ የአሜሪካ ሰዓት ክልል ላይ መቅረቱም ዩቲዩብን አያግድም። የሚያግደው ቀኑ ሲርቅ ነው።

ከመልስ 28 እስከ 32

ከዚህ በኋላ ወሬው ሸሸ። ድሬዳዋ ያለ ሰው የቤቱን ዋይፋይ ስም በአማርኛ ጽፎታል፣ ቦክሱ ግን ባዶ አራት ማዕዘኖች ያሳየዋል። 29 ላይ የመጣው ጸሐፊ የዋይፋይ ስም በላቲን ፊደል መሆን አለበት፣ በአማርኛ መጻፍ ራስን ማስቸገር ነው አለ። 30 ላይ ቁጣው ወጣ። የገዛ ቤቴን በገዛ ፊደሌ እንዳልጠራ ማን ይከለክለኛል የሚል ነው። እኔም ልቤ እዚያ ነው።

31 ሁለቱንም ያስታረቀ እውቀት ይዞ መጣ። የዋይፋይ ስም 32 ባይት ብቻ ይይዛል። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ነው፣ አንድ የግእዝ ፊደል ግን 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ ከ10 ፊደል አይበልጥም። አራት ማዕዘኖቹ ቦክሱ የግእዝ ፎንት ስለሌለው ነው፣ ግንኙነቱ ግን ይሠራል፣ አራት ማዕዘኖቹን መርጦ መግባት ነው። ፓስወርዱ ግን ሌላ ነው። ከ8 እስከ 63 የላቲን ፊደልና ቁጥር ይሁን፣ በሪሞት ሌላ ፊደል መጻፍ አይቻልምና። የድሬዳዋው ሰው ሰባት ፊደል አድርጎ አሳጠረው፣ ስሙንም አልለወጠም።

ከመልስ 33 እስከ 36

እሁድ እናቴ ቅዳሴውን እስከ መጨረሻ አየች። ማታ ማታ ግን ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ክቧ እየዞረች ትቆማለች። 33 ላይ ይህን ጨመርኩ።

ከዱባይ የጻፈው ቁጥር ይዞ መጣ። ኔትፍሊክስ ለ1080 ጥራት 5 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለ4ኬ 15 ይጠይቃል። ዩቲዩብም ለ1080 ያንኑ 5 ይላል። በቦክሱ በራሱ ላይ ፍጥነት ለካ፣ ስልክህ ላይ አይደለም አለኝ። ቦክሱ ላይ ለካሁ፣ 3 አካባቢ ነው። ራውተሩ አጠገብ በስልክ 18 ነው። መሀል መንገድ ላይ የሚቀረው 15 የት ገባ?

ገመድ ዘርጊው ተመለሰ፣ በዚህኛው ጊዜ በለሰለሰ ቃል። ራውተሩ የት እንዳለ ፎቶ ላክ አለኝ። ላክሁ። እናቴ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀምጣው፣ በዳንቴል ሸፍናው፣ የፕላስቲክ አበባ ከፊቱ አድርጋለች። ቦክሱ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ቡፌው ውስጥ ነው። በመሀከላቸው የወጥ ቤቱ ብሎኬት ግድግዳና የፍሪጁ ብረት አለ። ዳንቴሉ ሞገድ አያግድም፣ ራውተሩን ግን ያሞቀዋል። ብረቱና ግድግዳው ናቸው የሚያግዱት። ራውተሩን ወደ ሳሎን አምጣ፣ ቦክሱን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጣው፣ ከዚያ 5 ጊጋኸርዝ ላይ አድርገው አለኝ።

የስልክ መስመሩ ሳሎን ድረስ ስለሚደርስ ራውተሩን ቡፌው አናት ላይ አቆምኩት። እናቴ ዳንቴሉ ሲነሳ ቅር አላት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አለበሰችው። ቦክሱን ወደ ጎን አወጣሁት፣ ገመዱ ስላጠረ የኤችዲኤምአይ መቀጠያ ገዛሁ። 5 ጊጋኸርዝ ላይ ካሉት አራት ጎረቤቶች ጋር ሆነ። አሁን ማታም ቦክሱ ላይ 17 ይነበባል።

መልስ 37

ከደሴ ነው። ፋይበር የላትም፣ ሁሉንም በስልክ ፓኬጅ ነው የምታየው። አንድ ሰዓት በከፍተኛ ጥራት 3 ጊጋ ባይት ገደማ ስለሚበላ አትደፍረውም። መላዋ ግን ጥሩ ነው። ፊልምና መዝሙሩ ላፕቶፗ ላይ አለ። ላፕቶፑንና ቦክሱን ከአንድ ራውተር ጋር ታገናኛለች፣ ቦክሱ ላይ ቪኤልሲ የሚባለውን የማጫወቻ አፕ ጭና ከላፕቶፑ ቀጥታ ታጫውታለች። ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ቤት ውስጥ ያሉትን ያገናኛል፣ ከፓኬጁ አንዲት ባይት አይነካም። አንድ ማሳሰቢያ ጨምራለች። ሁለቱም ዋናው ዋይፋይ ላይ ይሁኑ። የእንግዳ ዋይፋይ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ብዙ ጊዜ ይከለክላል።

መልስ 38

ዛሬ ጠዋት የመጣ ነው። ጎንደር ያለ ወጣት የአባቱ ማጫወቻ ትናንት መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም ይላል ብሎ ጻፈ። ክሩን ከላይ እንዳላነበበ ያስታውቃል። ቀኑ ስንት እንደሚል ጠይቄዋለሁ። አባቱ ቴሌቪዥኑን በአንቴናው እያዩ ስለሆነ፣ ዜና ሲያልቅ አያለሁ ብሏል።